በሩን በዜማ የምታስከፍተው ቨርሊን

በሚሲሲፒ ያለው የብራንቲስ ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በመመለሻው ቅዳሜ፣ ማለትም የቀድሞ ተማሪዎች ከያሉበት በሚሰበሰቡበት ቀን፣ ሜዳ የሚገባው የስታዲየሙ የብረት በር ሲከፈትለት ነው። በሩ የሚከፈተው ደግሞ ቨርሊን ቱምስ ዜማውን አውጥታ፣ ሕዝቡ እስከ መጨረሻዋ ቃል ሳይሰብር ሲቀበላት ብቻ ነው። ከተሰበረ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል እንጂ በሩ ወይ ፍንክች! ደንቡ ይኸው ነው። ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ የትም ስላልተጻፈ ይመስለኛል እስከ ዛሬ የሚሰርዘው ያልተገኘው።

ዜማው አጭር ነው። ተጫዋቾቹ ከጸሎት ቤቱ ወጥተው፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አፋቸውን ዘግተው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ሕዝቡ መንገዱን ግራና ቀኝ ይይዛል። ቨርሊን ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትቆምና ታወጣለች፦

«ማነው ከደጅ ያለው፣ ማነው የመጣው?»

ሕዝቡ ይመልሳል፦ «ከጥጥ ማሳ ጭቃ፣ እግሩን ያወጣው!»

«ማን መርቶ አመጣችሁ፣ ማን አሻገራችሁ?»

«የናታችን ጸሎት፣ ክፈቱ እባካችሁ!»

ከዚያ በኋላ «ክፈቱ» የምትለው ቃል ብቻዋን ትቀራለች። ሦስት ጊዜ ትባላለች፤ በየጊዜው ከፍ እያለች ሄዳ በሦስተኛው ጣሪያ ትነካለች። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። አውጪዋ መነሻዋን ትንሽ ከፍ ካደረገችው፣ ሦስተኛዋ «ክፈቱ» ላይ የሕዝቡ ጉሮሮ ያልቅና ግማሹ ይጮኻል፣ ግማሹ ያስላል፣ የቀረው እርስ በርሱ ይተያያል። አለመጠን ዝቅ ካደረገችው ደግሞ ቀብር ይመስላል። ስለዚህ የቨርሊን ሙያ መዝፈን አይደለም። በሚሲሲፒ ዘፋኝ ሞልቶ ተርፏል። የእሷ ሙያ ከየት እንደሚጀመር ማወቅ ነው።

ሙያዋ ይህ ቢሆንም ሹመቷ ሌላ ነው። ቨርሊን የኮሌጁ ምግብ ቤት ዋና አብሳይ ናት። ከጥጥ ለቃሚ ቤት ሰባተኛ ልጅ ሆና ተወለደች፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በአንድ ቦርሳ ብራንቲስ ገብታ ድንች መላጥ ጀመረች፤ ይኸው በስልሳ ሁለት ዓመቷም እዚያው ናት። በመካከሉ ሁለት ልጅ አሳድጋ በዚያው ኮሌጅ አስመርቃለች፣ አሥራ አንድ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት አብልታ ሸኝታለች። የጠበሰችውን የወንዝ ዓሣ በልቶ ያማ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት። ሌላው ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ኩራቱን ደጅ ትቶ ይገባል፤ ቨርሊን ግን ደጅ የምትተወው ትሕትናዋን ነው።

ዜማው እጇ የገባው በሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ አውጪው ዲያቆን ሂዩሌት ሳይክስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳል ያዛቸው። ተጫዋቾቹ ቆመዋል፣ ሕዝቡ ይጠብቃል፣ ሽማግሌው ሳሉን ማቆም አልቻሉም። ቨርሊን ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ከወጥ ቤት ለማየት ወጥታ ነበር፤ ማንን አስፈቀደች? ስንኙን ካቆሙበት ላይ ቀጥ አድርጋ አነሳችው። በሩ ተከፈተ። ዲያቆኑ እንባቸውን እየጠረጉ መጡና «እህት ቱምስ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጉዳዩ ያንቺ ነው፤ እኔ ዓሣዬን ላጥምድ» አሏት። እሷም «እኔም ይኼንኑ ልልዎት ነበር» አለች።

ከዚያ በኋላ ሃያ አምስት ጊዜ አወጣች፤ ሃያ አምስቱንም ጊዜ በሩ ተከፈተ። የበሩን መቀርቀሪያ የሚይዘው ደግሞ የኮሌጁ አናጢ ኤምሪ ነው። ኤምሪ ባሏ ነው። ዝምተኛ ነው፤ እሷ ለሁለቱም ስለምትናገር ይሆናል። እሱ ከበሩ ውስጥ ቆሞ ይሰማል፣ ስንኙ ሳይሰበር ሲያልቅ መቀርቀሪያውን ይስባል።

አምና ተሰበረ።

ቨርሊን እንደ ወትሮዋ ቆመች፣ እንደ ወትሮዋ አወጣች፣ ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ግን ሴቶቹ አንገታቸውን ማስገግ ጀመሩ። ሦስተኛዋ «ክፈቱ» ላይ ከሦስት ሺህ ሰው አንድ ሃምሳው ቀረ፤ እሱም እንደ ተረገጠ ዶሮ ነበር። ከዚያ ጸጥ አለ። ቨርሊን እንደገና ልትጀምር ትንፋሽ ስትስብ ከኋላዋ መቀርቀሪያው ጮኸ። ኤምሪ ከፈተ። ተጫዋቾቹ አቀርቅረው ገቡና ከወንዝ ማዶ በመጡት፣ አዞዎቹ በሚባሉት፣ ሠላሳ ስምንት ለስድስት ተቀጠቀጡ። የብራንቲስ ቡድን በቅሎዎቹ ስለሚባል የአዞዎቹ ደጋፊዎች ያን ቀን ያላሉት የለም። «አባታችሁ ማነው?» እያሉ እስከ አውቶቡሳቸው ዘፈኑ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ቨርሊን ጠየቀችው።

«በሩን ለምን ከፈትክ?»

«ጨዋታው ሊጀመር ነበራ።»

«ተሰብሮ ነበር ኤምሪ። እንደገና ልጀምር ነበር።»

ኤምሪ መሪውን እያየ «በብረቶቹ መካከል ይታየኛል፤ ሰዉ እንዴት እንደሚያይሽ አየሁ። አልቻልኩም» አላት።

«እንዴት እንደሚያዩኝ እንድታይ አልተቀመጥክም እዚያ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬህ ስኖር አዝነህልኝ አታውቅም፤ ዛሬ ሕዝብ ፊት ጀመርክ?»

«ማዘን አይደለም…»

«ታዲያ ምንድነው?»

ኤምሪ መኪናውን ደጃቸው አቆመ። እራቱን ግን አላጓደለችበትም፤ ቨርሊን ሰው በምግብ የምትቀጣ ሴት አይደለችም። ዓመቱን ሙሉ የነፈገችው ሌላ ነገር ነው፤ ከእሱ ጋር መሳቋን ተወች።

አገር እንደሆነ አፍ አለው። «ጆሮዋ ሄዷል» ተባለ። «በክብር ብታስረክብ ይሻላል» ተባለ። ክሊዮፈስ የሚባለው የአሳማ ጎድን ጠባሽ ደግሞ በግላጭ «ሚስ ቨርሊን፣ ዘንድሮ መሰላል ይዘን እንምጣ እንዴ?» አላት።

«አንተ መጀመሪያ ጎድንህን አብስል፤ አምና የበላሁት ገና ያጓራ ነበር» አለችው። ሰዉ በክሊዮፈስ ላይ ሳቀ። እሷ ግን ነገሩ ወደ ውስጥ ገባባት፣ ፈራች። ፈርታ አታውቅም ነበርና ፍርሃቱን እንኳ ምን ብላ እንደምትጠራው ቸገራት። ለማንም ሳትናገር ጃክሰን ከተማ ሄዳ ጆሮዋን ተመረመረች። ሐኪሟ ወረቀቱን አገላብጣ «ጆሮዎ የሠላሳ ዓመት ሴት ጆሮ ነው» አለቻት።

«ጉልበቴንስ ለምን አብረሽ አላየሽውም?» ብላት ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ስትገባ ግን የባሰ ጨነቃት። ጆሮው ደኅና ከሆነ የጠፋው ምንድነው?

እዚህ ላይ ቨርሊን ለባሏ እንኳ ነግራው የማታውቀውን ነገር ማውጣቴ ግድ ነው። በየዓመቱ በመመለሻው ቅዳሜ ጠዋት የተጫዋቾቹን ቁርስ አብልታ ስታበቃ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው ትልቁ የሳህን ማጠቢያ ማሽን አጠገብ ትቆማለች። ማሽኑ ሲሠራ አንድ ድምፅ ያሰማል፤ እምምም ይላል። ቨርሊን ያን ድምፅ በጉሮሮዋ ትይዘውና እስከ በሩ ድረስ ማንንም ሳታናግር ትሄዳለች። ሰዉ የምትጸልይ ይመስለዋል፤ እሷም ይምሰለው ብላ ትታዋለች።

በነሐሴ የመዘምራኑ መሪ ረኒታ ምሳዋን በልታ ትሪዋን ልትመልስ ወደ ጀርባ ገባች። ረኒታ ገና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ በሙዚቃ ዶክተር ናት፤ በተማሪነቷ ግን ለኪሷ ብላ እዚያው ማጠቢያ ላይ ሁለት ዓመት ሠርታለች።

«ይኼ አዲሱ ማሽን እኮ ድምፁ ቀጭን ነው ሚስ ቨርሊን» አለች እንደ ዘበት። «አሮጌው ወፍራም ነበር። ሳህን እያጠብኩ ከሱ ጋር እዘፍን ነበር።»

ቨርሊን የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። «መቼ ነው የተቀየረው?»

«ምኑ? ማሽኑ? አምና ክረምት ላይ ነዋ። እርስዎ አይደሉ እንዴ ቦታ ያሳዩዋቸው?»

«በስንት ነው ቀጭን የሆነው?»

ረኒታ ለአፍታ አዳመጠችና በፉጨት አሮጌውን፣ ከዚያ አዲሱን አሰማቻት። ልዩነቱ ልጅ እንኳ ይለየዋል። ቨርሊን ወንበር ሳበችና ቁጭ አለች፤ ከዚያ እስክታስል ድረስ ሳቀች። ረኒታ ምን እንደተፈጠረ ስትጠይቃት ነገረቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ነገረች።

«ታዲያ ቀላል ነው!» አለች ረኒታ። «የድምፅ መስጫ ፊሽካዬን ልስጥዎ። አንድ ጊዜ ብቻ ነፋ አድርገው…»

«ዲያቆን ሂዩሌት ፊሽካ ነበራቸው?»

«አልነበራቸውም።»

«በይ እንግዲህ።»

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል። ቨርሊንም ረኒታን ከመለሰች በኋላ የራሷን ገመድ ማሳጠሯ ገባት። አሮጌው ማሽን ለብረት ቸርቻሪ ተሸጦ ሄዷል። አዲሱን ማመን አትችልም፤ ፊሽካውን እምቢ ብላለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እያደር የመጣባት ጥያቄ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ዜማውን ያወጣሁት እኔ ነኝ ወይስ ማሽኑ? ሰው ሁሉ የተቀበለኝ እኔን ነው ወይስ ሳህን ማጠቢያውን? ድንች ስትልጥ ይህ ይመጣባታል፤ ዱቄት ስታቦካ ይመጣባታል።

በመመለሻው ሳምንት ሐሙስ ዕለት የቤታቸው በረንዳ ላይ ኤምሪን ፊት ለፊት አስቀመጠችው።

«ዘንድሮ ከተሰበረ አትከፍትም።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ። ሁለተኛም ቢሰበር አትከፍትም። ሦስተኛም ቢሰበር። ዳኛው ቢጮኽ፣ ፕሬዚዳንቱ ቢንበረከክ አትከፍትም።»

«አንቺ ብታለቅሺስ?»

«ያኔማ ጭራሽ እንዳትከፍት! ሦስቴ ከተሰበረ ሽርጤን በሩ ላይ ሰቅዬ እሄዳለሁ፤ ዜማውን የፈለገ ይውሰደው። እኔ ከሄድኩ በኋላ በሩን ከፍተህ ልጆቹን አስገባ። ግን ለኔ ብለህ አትክፈት። ማል።»

ኤምሪ ባርኔጣውን አውልቆ ማለ። የማለው በእናቱ ነው፤ በእናቱ ከማለ ደግሞ ዓለም ቢገለበጥ አይከፍትም። ቨርሊን ይህን ስለምታውቅ ደስ አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ለሰባ ሰው ቁርስ አበላች። ማሽኑን ላለመስማት ብላ በጀርባ በኩል ሳይሆን በፊት ለፊት ወጣች። ውጭ የጎድኑ ጭስ ሰማይ ይዟል፣ የማርሽ ባንዱ ከበሮ ከሩቅ ይሰማል፣ በአርባና በሃምሳ ዓመታቸው የመጡ የቀድሞ ተማሪዎች እንደ ጎረምሳ ይተቃቀፋሉ። እሷ ስታልፍ ግን ሰዉ ድምፁን ይቀንሳል። ረኒታ ከበሩ አጠገብ ከመዘምራኑ ጋር ቆማ አገኘቻትና ኪሷን መታ መታ አደረገች።

«ይዤዋለሁ ሚስ ቨርሊን። ማንም አያይም።»

«እዚያው ይክረም» አለቻት።

ተጫዋቾቹ ከጸሎት ቤቱ ወጡ። ቁልቁለቱን ሁለት ሁለት ሆነው ወርደው ፊቷ ቆሙ። ቨርሊን ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች። ከኋላዋ የኤምሪን ትንፋሽ ትሰማለች። አፏን ከፈተች፤ ጉሮሮዋ ግን ባዶ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ባዶ ጉሮሮ ይዛ እዚያ ቆማ አታውቅም።

ሕዝቡም ጸጥ ብሏል። ደግሞ ተራ ጸጥታ አይደለም፣ የታማሚ ጠያቂ ጸጥታ ነው። ሦስት ሺህ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ከንፈሩን ሊመጥ አሰናድቶ ያያታል። አንዲት ከፊት የቆመች ሴትዮ ጭራሽ «አይዞሽ የኔ ቆንጆ» አለቻት።

ይህን ጊዜ የቨርሊን ደም ፈላ።

«ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምታዩኝ?» አለች ጮክ ብላ። በዚያ ቦታ ላይ ከዜማው ሌላ ቃል ተናግራ ስለማታውቅ ሰዉ ደነገጠ። «ማን ሞቷል? እኔ ነኝ? አለሁ፣ ቁርስ አብልቼ ነው የመጣሁት! አምና ከፍ አድርጌ ጀመርኩ፤ አዎ፣ ጀመርኩ! እናንተስ? ጉሮሮ የላችሁም? ማሩን ብላችሁ ዝም! የአዞዎቹ ሕዝብ ቢሆን ደም እስኪተፋ ይይዘው ነበር!»

«ኧረ አይባልም!» የሚል ጩኸት ተነሣ።

«ይባላል! አዞዎቹ ሰው ናቸው፣ እናንተ ጫጩት!»

ከዚያ በኋላ የሆነው ጉድ ነው። ወንዱ «ውይይይ!» እያለ አጓራ፣ ሴቱ በሳቅ ተንከተከተ፣ ክሊዮፈስ ማንኪያውን ወደ ሰማይ አንሥቶ «ሚስ ቨርሊን፣ ይቅር ይበልሽ!» አለ፤ ጸጥ ለጥ ብሎ የነበረው መንገድ ባንድ ጊዜ ገነፈለ። ቨርሊንም ሰማችው። የሦስት ሺህ ሰው ድምፅ፣ ማንም ሳያስተካክለው፣ ከሥር የወንዶቹ፣ ከላይ የሴቶቹ፣ የሚያርፍበት አንድ ቦታ ነበረው። እዚያው ነው። ከአዲሱ ማሽን በታች ነው፣ ከአሮጌውም ትንሽ በታች ነው፤ ሰዉ እሷ ስትጀምር ወጣት ነበር፣ አሁን አርጅቷል፣ ድምፁም አብሮት ወርዷል። ሃያ አምስት ዓመት ማሽን ስትሰማ ይህን ሰምታው አታውቅም።

ሳቁ ሳያልቅ አወጣች።

«ማነው ከደጅ ያለው፣ ማነው የመጣው?»

መልሱ እንደ ጎርፍ መጣ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አውጪና ተቀባይ መለየት አቃተ። የመጀመሪያዋ «ክፈቱ» በእጅ የተያዘች ያህል ቀለለች፣ ሁለተኛዋም ወጣች፣ ሦስተኛዋ ላይ ሲደርሱ ቨርሊን ዓይኗን ጨፈነች። ያዟት። ሽማግሌዎቹም ያዟት፣ ያቺ አይዞሽ ያለቻት ሴትዮም ያዘቻት። ቃሏ አልተሰበረችም።

በሩ ግን አልተከፈተም።

ሕዝቡ በሩ ስላልተከፈተ ማቆም አልፈለገም፤ ቃሏን ይዞ ቆየ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ ትንፋሽ ያለቀበት ከጎኑ ላለው እያቀበለ ይስባል፣ ቃሏ ግን እዚያው ላይ ናት። ቨርሊን ግራ ገብቷት ዞረች። በብረቶቹ መካከል ኤምሪ ይታያል፤ መቀርቀሪያውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ይዘፍናል። ኤምሪ በዚያ በር ላይ ዘፍኖ አያውቅም።

«ኤምሪ! ምን ትጠብቃለህ?»

«ገና አላለቀማ!»

«በሩ ካልተከፈተ እንዴት ያልቃል? ሰዉ ሊሞት ነው!»

«ምያለሁ! ሳያልቅ ከፈተ፣ አዘነልኝ እንዳትዪኝ!»

«አልልህም!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ከወዲያ በኩል ዳኛው ሰዓቱን እያሳየ ፊሽካ ይነፋል፤ ቡድኑ በመዘግየቱ ቅጣት ሊበላ ነው። ሦስት ሺህ ሰው በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ቨርሊን ግንባሯን በብረቱ ላይ አስደግፋ፣ ባሏን እያየች፣ መሳቅ ጀመረች፤ መናገር እስኪያቅታት ድረስ ሳቀች። ኤምሪ ዓመት ሙሉ የናፈቀውን ሳቅ ጥቂት ቆሞ ሰማውና መቀርቀሪያውን ሳበ።